ቀዩና ሰማያዊው ካሴት

ይህ ነገር የደረሰብኝ አምና ጥቅምት ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። አሁንም ትዝ ሲለኝ ታክሲ ውስጥ ብቻዬን እስቃለሁ፤ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ዞሮ ያየኛል። ያን ዕለት ግን አንድ ሰዓት ያህል የሳቁት ሌሎች ናቸው እንጂ እኔ አልነበርኩም።

የሰባተኛ ክፍል የሒሳብ መምህር ነኝ። ነገር በቅደም ተከተል ካልሆነ አይሆንልኝም፤ ስለዚህ ከመነሻው ልጀምር።

ትዕግሥትን ለማግባት ሽማግሌ ልኬ ነበር። አባቷ ጋሽ ደምሴ መርካቶ፣ ራጉኤል አካባቢ ሱቅ አላቸው። ዛሬ ስፒከር፣ የስልክ ቻርጀርና ዘፈን የተጫነበት ፍላሽ ይሸጣሉ፤ ድሮ ግን ሱቁ ካሴት ቤት ነበር። ሽማግሌዎቼን ሁለት ጊዜ በቀጠሮ መለሷቸው። የሴት ልጅ አባት ቀጠሮ ማብዛቱ ያለ ነው፤ ቶሎ እሺ ካለ ልጁን ያቀለለ ይመስለዋል። በሁለተኛው ቀጠሮ ግን "ለሦስተኛው ከመምጣታችሁ በፊት ልጁ ራሱ ሱቅ ይምጣና ልየው" አሉ። ይኼ ያልተለመደ ነው። ሽማግሌዎቹ ግራ ገባቸው፤ እኔ ደግሞ ምግብ አልበላ አለኝ።

የሚጠብቀኝን የነገረችኝ ትዕግሥት ናት። "የካሴቱን ጥያቄ ይጠይቅሃል" አለች።

ላስረዳ። እኔ ከመወለዴ በፊት አንድ ዘፋኝ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት አልበም አወጣ፤ አንዱን ለእንቁጣጣሽ፣ ሌላውን ለፋሲካ። ስሙን የማልጠቅሰው ክርክሩ እናንተም ቤት እንዳይገባ ብዬ ነው። የመጀመሪያው ሽፋን ቀይ፣ የሁለተኛው ሰማያዊ ስለነበር ሰው "ቀዩ" እና "ሰማያዊው" እያለ ነው የሚጠራቸው። ጋሽ ደምሴ የቀዩ ወገን ናቸው። ፊት ለፊታቸው ብርድ ልብስ የሚሸጡት ሐጂ ከድር ደግሞ የሰማያዊው። ሁለቱ ጎረቤታሞች በዚህ ጉዳይ ሲከራከሩ ጠጉራቸው ሸብቷል፤ የሱቁ መደዳም ለሁለት ተከፍሏል።

"ቀዩ በልና ዝም በል" አለችኝ ትዕግሥት። "ደግሞ ማስረዳት እንዳትጀምር።"

ችግሩ እኔ የምወደው ሰማያዊውን ነው። እናቴ ሁለቱም አልበሞች የተቀዱበት አንድ ካሴት አላት፤ በአንዱ ገጽ ቀዩ፣ በሌላው ሰማያዊው። ቡታጅራ ሳለን ሁልጊዜ የምትከፍተው የሰማያዊውን ገጽ ስለነበር በእሱ አደግሁ። ያም ሆኖ ለፍትሕ ብዬ ካሴቱን ከነቴፑ ተዋስኳትና ሁለቱንም እንደገና ሰማሁ። ደብተሬ ላይ ሠንጠረዥ አሰመርኩ፤ ለግጥም፣ ለዜማ፣ ለድምፅ፣ ለቅንብር ነጥብ ሰጠሁ። ሰማያዊው በሰፊው አሸነፈ። ደብተሩንም ካሴቱንም ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ቅዳሜ መርካቶ ወረድኩ።

ከጎጃም በረንዳ በኩል የመጣ ጋሪ መንገዱን ዘግቶት ስለነበር ሱቁ የደረስኩት በላብ ተጠምቄ ነው። ጋሽ ደምሴ ከመቀመጫቸው ሳይነሱ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

"አስተማሪው አንተ ነህ?"

"አዎ ጋሼ።"

"ቁጭ በል።"

በርጩማ ገፉልኝ። ሐጂ ከድር ወሬው ደርሷቸው ኖሮ ብርድ ልብሳቸውን ትተው መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል። ከኋላቸውም የመደዳው ሰዎች።

"ቀዩ ነው ሰማያዊው?" አሉ ጋሽ ደምሴ፣ ሰላምታ ሳይጨምሩ።

ቀዩ ልል አፌን ከፈትኩ። ግን ከጎኑ የሚኮርጅ ተማሪ የሆንኩ መሰለኝ። "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሰማያዊው ነው" አልኩ።

ሐጂ ከድር አጨበጨቡ። "ማሻአላህ! ደምሴ፣ ሰማህ? የገዛ አማችህ!"

"ገና አማች አልሆነም" አሉ ጋሽ ደምሴ።

እዚያ ላይ ባቆም መልካም ነበር። እኔ ግን ደብተሬን አወጣሁ። "ሦስት ምክንያት አለኝ" አልኩ። "አንደኛ፣ ሁለተኛው ዘፈን በማሲንቆ ነው የሚጀምረው። ማሲንቆው ብቻውን ይቆይና ድምፁ በኋላ ይገባል፤ ይህም..."

"ቆይ፣ ቆይ" አሉ ሐጂ ከድር፤ ጭብጨባውም ቆመ። "የምን ማሲንቆ? ሰማያዊው ላይ ማሲንቆ የሚባል ነገር የለም። እሱ ቀዩ ነው!"

በሩ ላይ የቆሙት በሙሉ ሳቁ። ጋሽ ደምሴ ብቻ አልሳቁም።

"ሰምቶት አያውቅም" አሉ። "የሰው ወሬ ሸምድዶ ነው የመጣው። በዘፈን የዋሸኝ በትዳር ምን ሊያደርግ ነው?"

በማግስቱ እሑድ ሽማግሌዎቼ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ የሚጠብቃቸው መልስ ጋሽ ደምሴ ፊት ላይ ተጽፎ አየሁት። ትዕግሥት ልትሄድብኝ ነው። ሌላ መከራከሪያ ስላልነበረኝ ካሴቱን ከነመያዣው አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። "ይኸው ጋሼ፣ የእናቴ ነው። እዚህ ላይ 'ሰማያዊው' ይላል።"

መነጽራቸውን አደረጉ። ካሴቱን ገለበጡት። እንደገና ገለበጡት። ከዚያ ከላይኛው መደርደሪያ አቧራ የጠገበ ቴፕ አወረዱና ከተቱት። ጠዋት የመጀመሪያው ዘፈን ሲያልቅ ነበር ያቆምኩት፤ እነሆ ማሲንቆው ወጣ። 'ሰማያዊው' በሚለው ገጽ ላይ ያለው ቀዩ ነው።

"እናትህ ይኼን ከየት አመጣችው?"

"ሳታገባ እዚሁ መርካቶ መጥታ ያስቀዳችው ነው።"

ሐጂ ከድር ባዶውን የካሴት መያዣ ከጠረጴዛው ላይ አንስተው የተለጠፈበትን ወረቀት ለዓይናቸው አስጠጉት። "ደምሴ! ይኼ ያንተ ጽሑፍ አይደለም እንዴ? የፊደል ጭራ እንደ ድመት ጭራ የሚያስረዝም ከአንተ ሌላ ማን አለ?"

ጋሽ ደምሴ ራሳቸውን ያዙ። በዚያ ዘመን ደንበኛ "ሁለቱን በአንድ ቅዳልኝ" ሲል በባዶ ካሴት ይቀዱለት ነበር። ጠዋት ጠዋት ወረቀቱን አስቀድመው ጽፈው ይለጥፋሉ፤ መጀመሪያ ቀዩ፣ ቀጥሎ ሰማያዊው። ሁልጊዜም የሚጀምሩት በሚወዱት ነው።

"እንዴት ተገለባበጠብኝ?" እያሉ ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ በሩ ዞሩ። "ከድር። ቀዩን ወስደህብኝ የነበረ ጊዜ!"

"እኔ?"

"አንተ! ለአንድ ቀን ብለህ ሁለት ሳምንት ያቆየኸው! ቀዩ እጄ ላይ ስላልነበረ በመጀመሪያው ገጽ ሰማያዊውን ቀዳሁ። ስትመልስልኝ ቀዩን በሌላው ገጽ ሞላሁ። ወረቀቱ ግን ተለጥፎ አልቋል!"

ሳቁ በሙሉ ወደ ሐጂ ከድር ዞረ። ቀዩ ቤቴ ገብቶ አያውቅም እያሉ ሲምሉ የኖሩ ሰው ናቸው።

"ለሚስቴ ነው የወሰድኩት!" አሉ።

"ሁለት ሳምንት ሙሉ?"

"ደጋግማ ትሰማለች፤ ምን ላድርጋት?"

ጋሽ ደምሴ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "ዕድሜህን ሙሉ ያሳሳትኩህ እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ ልጄ" አሉ። እንዴት ጋሼ ብዬ ከበርጩማው ዘልዬ ተነሳሁ። ልጄ ማለታቸውን ልብ ብያለሁ፤ ስለ እሑዱ ግን ትንፍሽ አላሉም።

እሑድ የሆነውን የነገረችኝ ከበሩ ጀርባ ስታዳምጥ የነበረችው ትዕግሥት ናት። ሽማግሌዎቼ ሦስት ነበሩ፤ የገቡት ግን አራት ሆነው ነው። አራተኛው ነጭ ጀለቢያቸውን የለበሱት ሐጂ ከድር ነበሩ።

"አንተ ከእኔ ወገን ነህ እንጂ እዚያ ምን ትሠራለህ?" አሉ ጋሽ ደምሴ።

"አይሆንም። ይኼን ልጅ ያሳሳትነው ሁለታችን ነን። ዛሬም ቀጠሮ ከሰጠህ በየሳምንቱ እመጣብሃለሁ። ሰማያዊውንም ይዤ ነው የምመጣው፤ እስከ መጨረሻው ታዳምጣለህ።"

"እሱንስ አልችለውም" አሉ ጋሽ ደምሴ፤ እሺታውን እዚያው ሰጡ።

ከተጋባን ወራት አልፈዋል። ሠንጠረዡን ደግሜ አይቼዋለሁ፤ ነጥቡ ያው ነው፣ የተለወጠው ርዕሱ ብቻ ነው። ስለዚህ በይፋ የቀዩ ወገን ሆኛለሁ። ትምህርት ቤት መምህራኑ፣ መርካቶ የመደዳው ሰዎች "አማቱን ፈርቶ ነው" ይሉኛል። ከመነሻው ጀምሬ ላስረዳቸው ስል እስከ መጨረሻው የሚጠብቀኝ የለም። ይበሉ፤ ደስታዬን አይቀንሰውም። ቀዩን የመረጥኩት ጋሽ ደምሴን ሳላውቃቸው ነው፤ ስሙን ነው ያላወቅኩት።