በነጻ የሚታዩ አሥራ ሁለት ቦታዎች

የወጣሁ ዕለት ማታ አዲስ አበባ ዝናቡ ይወርድ ነበር። እማዬ በር ላይ ቆማ ጃንጥላ ሳትይዝ አትሄድም አለችኝ። መተማን አልፎ የሱዳን በረሃ ለሚገባ ሰው ጃንጥላ። "እማዬ፣ እዚያ እኮ ፀሐይ ነው" ብላት፣ "ፀሐይም ቢሆን ይከልልሃል" ብላ እጄ ላይ አስቀመጠችው። መኪና ውስጥ ረሳሁት። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ስለ ስዊዘርላንድ የማውቀው አንድ የግድግዳ ካላንደር ላይ ያየሁትን ተራራና ሐይቅ ብቻ ነው። እዚያ ደርሰህ ስለ ዳክዬ ኩሬ ትፈተናለህ ያለኝ ሰው የለም።

መንገዱን አልተርክላችሁም። ሊቢያን ያየ ያውቀዋል፣ ያላየ ደግሞ አይየው። የምነግራችሁ ከደረስኩ ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ የገጠመኝን ነው። የምኖረው ከዙሪክ ተነስቶ ኡስተርን የሚያልፈው ባቡር ጥቂት ሄዶ በሚቆምባት ትንሽ ከተማ ነው። ስሟን አልጠራም፤ ብጠራትም አታውቋትም፣ ዙሪክ ያሉትም አያውቋትም። አንድ ጣቢያ፣ ሁለት ባንክ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን አላት፤ እሁድ እሁድ ሕዝቡ በሙሉ የት እንደሚገባ እንጃ። ከባለቤቴ ከሰብለና ከዘጠኝ ዓመቷ ልጃችን ከማርታ ጋር ነው የምኖረው። ሥራዬ የሽማግሌዎች መጦሪያ ወጥ ቤት ውስጥ ነው።

የስደተኛ መጓጓዣ ሰነድ አለኝ። ለሁሉም አገር ይሠራል፣ ከኢትዮጵያ በስተቀር። ጃፓን ብሄድ፣ ብራዚል ብሄድ ግድ የላቸውም፤ እናቴ ያለችበት ብቻ ነው የተከለከለው። እማዬ አንድ ዓይኗ ከጠፋ ቆየ፣ የቀረውንም ሐኪሙ ብዙ አይቆይም ብሏታል። ናይሮቢ ላይ እንገናኝ እንዳልላት ጉልበቷ ከደጅ አያወጣትም። "ጨርሶ ሳይጨልምብኝ መልክህን ልየው" ትለኛለች። ስለዚህ ቀዩን የስዊስ ፓስፖርት ማግኘት አለብኝ፣ ሌላ መንገድ የለኝም።

የዜግነት ፈተናው እንዴት እንደሆነ ጄኔቭ ያሉትን ጋሽ ታደሰን ደውዬ አማከርኳቸው። ቬርኒየ፣ ለ ሊኞን በሚባለው መጨረሻው በማይታይ ሕንፃ የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው፤ ዜግነት ካገኙ ዘመን ሆኗቸዋል።

"ስማ ልጄ" አሉኝ፣ "የአገሪቱን ታሪክ ማንም ያጠናዋል። የእናንተ የጀርመንኛዎቹ መንደሮች የሚጠይቁት ሌላ ነው። እሁድ ቤተሰብህን ይዘህ የት ትሄዳለህ ይሉሃል። እተኛለሁ ካልክ አለቀልህ።"

"እሁድማ እተኛለሁ፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው ተነስ።"

ጌማይንደ፣ ማለት ማዘጋጃ ቤቱ ሄጄ ለቤተሰብ የሚሆን ቦታ የት አለ አልኳት መስኮት ላይ ያለችውን ሴትዮ። አንድ የታጠፈ ወረቀት ሰጠችኝ፤ አሥራ ሁለት ቦታዎች ተዘርዝረውበታል።

"ሁሉም ግራቲስ ነው፣ ሄር በቀለ" አለችኝ፣ ሁሉም በነጻ ነው አቶ በቀለ ማለቷ ነው፣ ከራሷ ኪስ የከፈለችልኝ ይመስል።

"የሚከፈልበትስ?"

"የሚከፈልበት የለንም። እሱን ከፈለጉ ዙሪክ ነው።"

ከዚያ እሁድ ጀምሮ እንቅልፌን ሸጬ ጉብኝት ጀመርኩ። መጀመሪያ የዳክዬ ኩሬው። ስድስት ዳክዬ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ ዳቦ መስጠት ክልክል ነው የሚል ትልቅ ሰሌዳ። ሰው እዚያ ተቀምጦ ኩሬ ያያል፣ አይቶ ሲያበቃ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይሄ መዝናኛ ተብሎ በካርታ ላይ ምልክት ተደርጎለታል። ማርታ ግን ለእያንዳንዷ ዳክዬ ስም አወጣችላት።

ቀጥሎ የባዶ እግር መንገድ የሚሉት ጉድ አለ። ጫማህን አውልቀህ በጠጠር፣ በጭቃ፣ በእንጨት ቅርፊት ላይ ትሄዳለህ፣ መጨረሻው ላይ የእግር መታጠቢያ ሠርተውልሃል። የተከበሩ ሰዎች ሱሪያቸውን ጠቅልለው ጭቃ እየረገጡ ደስታ በደስታ ሲሆኑ አየሁ። ሰብለ ንቅንቅ አልልም አለች። "እኔ ሰሃራን በተበጠሰ ነጠላ ጫማ ነው ያቋረጥኩት፤ ከእንግዲህ ተከፍሎኝ ካልሆነ አላወልቅም።" ከኋላችን ያሉት ባልና ሚስት እግሯን ያመማት መስሏቸው በሐዘኔታ አለፉን።

ሙዚየሙ በወር አንድ እሁድ ለሁለት ሰዓት ይከፈታል። አንድ ሽማግሌ በፈቃደኝነት ያስጎበኛሉ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ማረሻ እያሳዩ ድሮ ሰው በዚህ ያርስ ነበር ብለው በዝግታ፣ ለሕፃን እንደሚነገር አስረዱን። ሰብለ የሰሜን ሸዋ የገበሬ ልጅ ናት። ጠጋ ብላ አየችውና "አገጣጥመው ሲሰቅሉት ገልብጠውታል" አለችኝ በአማርኛ። እኔም አልተረጎምኩላቸውም።

ከሁሉ የባሰው ጫካ ውስጥ ያለው የእሳት ቦታ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ እንጨት ፈልጦ ይደረድራል፣ መጥተህ በነጻ ትጠብሳለህ። ሰብለ በለመደችው ልክ ለአሥር ሰው የሚበቃ ምግብ ይዛ ወጣች። አጠገባችን አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች ነበሩ፤ የያዙት አራት ቋሊማ ነው፣ ተቆጥሮ የመጣ። ሁሉም የየራሱን በየራሱ እንጨት ላይ ሰክቶ ይጠብቃል። ብቻችንን መብላት ነውር ሆኖብኝ "ኑ፣ አብረን እንብላ" አልኳቸው። ሰውየው ሚስቱን አየ፣ ሚስቱ ድስቱን አየች።

"ልደት ነው?" አለኝ።

"አይደለም፣ ምሳ ነው።"

"እኛ የራሳችን አለን፣ አመሰግናለሁ" አለና ቋሊማውን አገላበጠ። ያን ምግብ እስከ ረቡዕ ስንበላው ከረምን።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ አሥራ ሁለቱንም ጨረስኩ። የዜግነቱ ቃለ መጠይቅ ቀን አምስት ሰዎች በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እኔንና ሰብለን ጠበቁን። ሕጉን ጠየቁኝ መለስኩ፣ ምርጫውን ጠየቁኝ መለስኩ። ከዚያ አንዲት ሴት "ከቤተሰብዎ ጋር የት የት ይሄዳሉ?" አለችኝ። አሥራ ሁለቱን ቦታዎች በተርታ፣ ከነመክፈቻ ሰዓታቸው ዘረገፍኩላቸው።

"ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ" ብላ ሳቀች። አለፍኩ አልኩ በልቤ።

ጥግ ላይ ሲጽፉ የነበሩ ሽማግሌ ብዕራቸውን አስቀመጡ። "ሄር በቀለ፣ ነገ ከዚህ ከተማ ቢወጡ የትኛው ይናፍቅዎታል?"

ቀላል ነው። ኩሬው ማለት ነው። አንድ ቃል ነው፣ ጀርመንኛውንም አውቀዋለሁ፤ ሰብለ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። ግን እናታችሁን አሥራ ሦስት ዓመት ሳታዩ ኑሩና ሞክሩት። ናፍቆት የሚባለውን ነገር አውጥቼ ለስድስት ዳክዬ መስጠት አልሆንልህ አለኝ። ንቀት ነው፣ አልክድም።

"የትኛውም አይናፍቀኝም" አልኳቸው።

ደብዳቤው በወሩ መጣ። ጀርመንኛዬ ጥሩ ነው፣ ዕውቀቴ የሚደነቅ ነው፣ ከአካባቢው ጋር ያለኝ ትስስር ግን ገና ስላልበሰለ ጉዳዩ ለሁለት ዓመት ይቆይ ይላል። ሰብለ አንብባ አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችውና ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ማርታ ነች የመጣችው። "አባ፣ እኔ እኮ ኤንተኖቹ ያሉበት ኩሬ እል ነበር" አለችኝ፤ ዳክዬ የሚለው ቃል ሁልጊዜ ይጠፋባትና በጀርመንኛ ትጠራዋለች።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ለእማዬ ደወልኩላት። ስልኩን የጎረቤት ልጅ ይዞላት ነበር። ጉዳዩ ለሁለት ዓመት መዘግየቱን ነገርኳት።

"ምን ጠይቀውህ ነው ግን?" አለችኝ።

"ከከተማችን የሚናፍቅህ ቦታ የቱ ነው አሉኝ።"

"አንተስ?"

"የለም አልኳቸው።"

"አንዱን ብትጠራላቸው ምን ነበረበት?"

"ውሸት ይሆንብኛል፣ እማዬ።"

"ለእኔ በየዓመቱ ለፋሲካ እመጣለሁ ትለኝ የለም እንዴ?" አለችኝ፣ ምንም ቁጣ በሌለው ድምፅ። "ለእኔ እንዲህ የምትችልበትን ለእነሱ አንድ ቀን አቃተህ?"

ልጁን ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋ ስትለው ሰማሁ።

"እሺ፣ ታዲያ አሁን መቼ ነው የምትመጣው?"

"ለፋሲካ" አልኳት።