እኩል እንዲበሉ

ከመኪና ሥር እግሬን ይዘው ነው የጎተቱኝ። እጄ በግራሶ እንደተለወሰ፣ የጋራዡን በር እንኳ ሳልዘጋ፣ ዲላን አቋርጠው ፖሊስ ጣቢያ አስገቡኝ።

ክፍሉ ለስምንት ሰው የማይበቃ፣ እኛ ግን ሃያ ያህል ነበርን። ጥግ ላይ ባልዲ፣ ከላይ የሚያፈስ ቆርቆሮ። ከባንኮ ጎቲቲ የመጡ አንድ ሽማግሌ ቡና ገበሬ ጋቢያቸውን ሰብስበው ቦታ ለቀቁልኝ።

«ምን ሠራህ፣ ልጄ?»

«እኔ እንጃ፣ አባባ።»

«እዚህ ያለነው ሁሉ እንደሱ ነው» አሉና ሳቁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መርማሪው ጠራኝ። ወጣት ነው፤ ሸሚዙ ተተኩሷል። ከስልኬ የተገለበጠ ወረቀት ይዟል። አንድ የወናጎ ሾፌር የኋላ ፍሬን ሸራው በአንድ ወገን ብቻ እያለቀ ቢያስቸግረው፣ በሾፌሮች የቴሌግራም ቡድን የጻፍኩለት መላ ነበር። ጮክ ብሎ አነበበው፦

«ችግሩ፣ ውስጠኛው ብቻ ነው የሚበላው። የውጪው ገና ነው። የውስጠኛውን ጆሮ ሞርዱትና እኩል እንዲበሉ አድርጉ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ውስጠኛው ማን ነው?»

«የፍሬን ሸራ ነው፣ ጌታዬ።»

«ሸራ ይበላል?»

«ይበላል አላልኩም፤ ይበላል ነው ያልኩት! ‹በ›ን አጥብቀው ያንብቡት፤ ያልቃል ማለት ነው።»

እስቲ አሁን ይሄ ያሳስራል? ደሜ ፈላ። ውስጠኛው ሸራ መቀመጫው ላይ ነክሶ ሲይዝ አይመለስም፤ ዲስኩ እሱን ብቻ ሲፍቀው ይውላል። እኛ ጆሮ የምንለውን ጫፉን በሞረድ ትንሽ ቀነስ ሲያደርጉት ይላወሳል፣ ሁለቱም እኩል ያልቃሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። ሁለቴ አስረዳሁት። በሦስተኛው ፊቱ ያለውን መዝገብ አንስቼ፣ እንደ ዲስኩ በሁለት መዳፌ መሃል ጨብጬ አሳየሁት።

«አታሹፍብኝ!» አለና ቀማኝ። ከዚያ አስቀድሞ በስሜ የተጻፈ ቃል ገፋ አደረገልኝ፦ «ባለሥልጣንና ሕዝብ እኩል እንዲበሉ ጽፌ ሰው ቀስቅሻለሁ። ጥፋቴን አምናለሁ።»

«ፈርምና ዛሬ ቤትህ ግባ።»

ባለቤቴ መውለጃዋ ደርሶ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ልፈርም ነው እስክሪብቶውን የተቀበልኩት። ግን ያንን «እኩል እንዲበሉ» እንደገና ሳየው እልህ ያዘኝ። «ባለሥልጣንና ሕዝብ» የሚለውን ሰርዤ «ሁለቱ ሸራዎች» ብዬ ጻፍኩ። «ሰው ቀስቅሻለሁ» የሚለውን «ሾፌር መክሬያለሁ» አደረግኩት፤ የመጨረሻውን መስመር ሰረዝኩ። ከዚያ የኔታ በልጅነቴ ለሚጠብቅ ፊደል እንዳስተማሩኝ፣ ከ«በ» አናት ላይ ሁለት ነጥብ አስቀመጥኩ። ከሥሩ በሙሉ ስሜ ፈረምኩ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ፣ ነጥቦቹ ላይ ጣቱን ጭኖ።

«ማጥበቂያ።»

ወደ ክፍሉ መለሱኝ። ሽማግሌው ደነገጡ።

«አልፈረምክም እንዴ?»

«ፈርሜያለሁ፣ አባባ። አርሜ ነው።»

የጋቢያቸውን ጫፍ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ።

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን ቆየሁ። ለምን እንደያዙኝ ሳይነግሩኝ እንደያዙኝ፣ ለምን እንደለቀቁኝም ሳይነግሩኝ ለቀቁኝ። ቤት ስደርስ ልጄ የአራት ቀን ልጅ ነበረች።

አሁን ዳዴ ትላለች። እኔም ጋራዤን ከፍቻለሁ፤ ሾፌሮቹም እንደ ድሮው በቡድኑ ይጠይቁኛል። መልስ ስጽፍ «ይበላል» የሚለው ላይ ስደርስ ጣቴ ይቆማል። አጠፋውና «ያልቃል» ብዬ እልካለሁ። እንዲህ አድርግ ያለኝ ሰው የለም። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው።