ኢክላስ የሲን እና ወረፋ አጥፊው ዳይሬክተር

ኢክላስ የሲን ሰው መናቅ የጀመረችው ገና በልጅነቷ ነው። አባቷ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ቁልፍና ማጠፊያ የሚሸጡባት አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረቻቸው። ከትምህርት ቤት መልስ ከባንኮኒው ኋላ ቁጭ ብላ የሚገባውን ሰው ሁሉ ትመዝን ነበር። ቁልፉን ሳይሞክር «ይሄ አይረባም» የሚለውን፣ ጠይቆ መልሱን ሳይሰማ የሚወጣውን፣ ስለማያውቀው ብረት አባቷን ሊያስተምር የሚቃጣውን ሁሉ ገርመም አድርጋ ከሰው ተራ ታወጣዋለች። «አንቺ ልጅ፣ ፊትሽ ደንበኛ ያባርራል» ይሏት ነበር አባቷ። አልተሳሳቱም። ሠላሳ አራት ዓመት ሲሞላትም ያው ፊት ነው ያላት።

የምትሠራው ፒያሳ ውስጥ፣ ደረጃው በሚንቋቋ አሮጌ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ የግል የሕክምና ላቦራቶሪ ነው። ላቦራቶሪው በከተማው ዘጠኝ ቅርንጫፎች አሉት። ደም የሚቀዳው ቅርንጫፎቹ ዘንድ ነው፤ የሚመረመረው ፒያሳ ነው፤ ውጤቱ ደግሞ በኮምፒውተር ተመልሶ ቅርንጫፍ ላለው ሐኪም ይላካል። ይህን የመላኪያ ፕሮግራም የሠራችው ኢክላስ ነች።

እሷ ከመቀጠሯ በፊት የነበረው ፕሮግራም፣ በእሷ አባባል፣ «ፋራ የጻፈው» ነበር። ማሽኑ ውጤት ሲያወጣ በቀጥታ ቅርንጫፉን ይጠራል፤ ቅርንጫፉ መብራት ከጠፋበት ወይም ኔትወርኩ ከተኛ፣ ላኪው ስልክ እንደማይነሳለት ሰው ደርቆ ይቆማል፤ ከኋላው ያለው ውጤት ሁሉ አብሮት ይቆማል። ኢክላስ በላኪውና በተቀባዩ መካከል ወረፋ አስገባች። ላቦራቶሪው ውጤቱን ወረፋው ላይ አስቀምጦ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ማን መቼ እንደሚወስደው አያሳስበውም። ቅርንጫፉ መብራት ሲመጣለት፣ በራሱ ጊዜ፣ አንድ በአንድ ያነሳል። «ደርሶኛል» እስካላለ ድረስ ደግሞ ውጤቱ ከወረፋው አይሰረዝም። አንዳንዴ «ደርሶኛል» የሚለው ቃል መንገድ ላይ ይጠፋና ያው ውጤት ሁለተኛ ይላካል፤ ለዚህም ተቀባዩ ድጋሚ የመጣውን ለይቶ እንዲጥል አድርጋለች። በአራት ዓመት አንድ ውጤት አልጠፋም። አንድ ሰው ደግሞ አላመሰገናትም። እሷም ምስጋና አልጠበቀችም፤ የማይገባው ሰው ምስጋና ምን ያደርግላታል?

ተስፋሁን የመጣው በአምስተኛው ዓመት ነው። ሹመቱ «የዲጂታል ሽግግር ዳይሬክተር» ይባላል። ጥቁር ሱፍ፣ ቡናማ ሹል ጫማ፣ ከአፉ የማይጠፋ «ቪዥን» የሚል ቃል። መጀመሪያ ቀን የኢክላስን ክፍል ሊጎበኝ ገባና ግድግዳው ላይ ያለውን ስክሪን አየ። «ወረፋ ላይ ያሉ፦ 412» ይላል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

«ያልተወሰዱ ውጤቶች ናቸው። ሁለት ቅርንጫፍ መብራት የለም፤ ሲመጣላቸው ያነሱታል።»

«አራት መቶ አሥራ ሁለት ወረፋ!» እጁን አጨበጨበ። «ይኸው በሽታችን! ለታክሲ ወረፋ፣ ለመታወቂያ ወረፋ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ሳይቀር ወረፋ! ወረፋ የኋላ ቀርነት ምልክት ነው እኮ፣ እህቴ።»

ኢክላስ የሰማችውን ማመን አቃታት። ሰውዬው እየቀለደ መስሏት ፊቱን አየችው። አይቀልድም።

«ተቀባዩ ባይኖርስ? ማን ይያዝለት?» አለችው።

«ለምን አይኖርም? ሥራ ሰዓት አይደለም እንዴ? ያልተገኘ ቅርንጫፍ ይቀጣል።»

እዚህ ላይ ነው ከሰው ተራ ያወጣችው። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀባትም። ከዚያ ወዲህ «እርስዎ» እያለች፣ አንገቷን ዝቅ እያደረገች፣ ከወጣ በኋላ ከላቦራቶሪ ባለሙያው ከሚናስ ጋር ሙድ ትይዝበት ጀመር። «ዛሬ ደግሞ መብራት ኃይልን ሊቀጣ ነው» ትላለች፤ ሚናስ በሳቅ ይፈርሳል።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ተስፋሁን በላቦራቶሪው ባለቤት በዶክተር ገብረሕይወት ፊት ሠላሳ ገጽ በቀለም ያሸበረቀ ገለጻ አቀረበ። አርዕስቱ «ከወረፋ ወደ ዜሮ» የሚል ነበር። ማዕዘኑ ላይ ሰልፍ የያዙ ሰዎች ሥዕል አለ፤ በላዩ ላይ ቀይ ኤክስ። ዶክተሩ ጥሩ ሐኪም ናቸው፤ ኮምፒውተር ላይ ግን የተነገራቸውን ያምናሉ። ገለጻው ሲያልቅ ወደ ኢክላስ ዞሩ።

«ኢክላስ፣ ሥራው ያንቺ ነው። ምን ትያለሽ?»

ማለት ትችል ነበር። አምስት ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ኢክላስ ግን በተስፋሁን ሹል ጫማ ላይ ዓይኗን ጥላ፣ ከንፈሯን ትንሽ አጣማ፣ «ዳይሬክተሩ ካሉ እኔ ምን እላለሁ?» አለች። በልቧ «ይየው! ራሱ ይቅመሰው!» ትላለች። ለእንዲህ ያለ ሰው ማስረዳት ቃሏን ማባከን መሰላት።

የታዘዘችውንም ሠራች፤ ከታዘዘችው ላይ ፊደል ሳትጨምር። ወረፋውን አወጣችው። ማሽኑ በቀጥታ ቅርንጫፉን ይጠራል፤ ካልተገኘ ሦስት ጊዜ ይሞክራል፤ ሦስቴም ካልተገኘ መዝገቡ ላይ «ተትቷል» ብሎ ይጽፍና ወደሚቀጥለው ያልፋል። የተተወውን ለብቻ የሚያስቀምጥ ፋይል መጨመር የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር። ማንም አላዘዛትም። አልጨመረችም።

ስክሪኑ ላይ «ወረፋ፦ 0» የሚል ቁጥር በወጣ ቀን ተስፋሁን ኬክ አስመጣ። ዜሮዋ በክሬም ተስላበታለች። ኢክላስ «ጾም ላይ ነኝ» ብላ አልቀመሰችም፤ ጾም አልነበረችም።

አሥራ ሁለት ቀን በሰላም አለፈ። በአሥራ ሦስተኛው፣ ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ አትክልት ተራ አጠገብ ያለው ቅርንጫፍ መብራት ጠፋበት። የመጣለት ስምንት ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ፒያሳ ያለው ፕሮግራም ጠራ፣ ጠበቀ፣ ጠራ፣ ጠበቀ፤ ሌሎቹም ቅርንጫፎች ከኋላው ተጓተቱ። ተስፋሁን ኮሪደሩ ላይ ስልክ ይዞ «ለምን ጄኔሬተር የለም? ማን ነው ኃላፊው?» እያለ ይጮሃል። ኢክላስ ማኪያቶዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ትሰማዋለች። ልቧ ቅቤ ጠጥቷል። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ሥራ ቤት ካሳለፈችው ቀን ሁሉ እንደዚያ ጠዋት የጣማት የለም።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሚናስ ጓንቱን እያወለቀ ብቅ አለ።

«የዚያን ሽማግሌ ፖታሺየም ምን አሉት?»

«የቱ ሽማግሌ?»

«የአትክልት ተራው፣ አቶ ወልደሥላሴ። ስድስት ነጥብ ዘጠኝ የመጣው። ደግሜ ብሠራው ያው ነው። ልደውል ስል ማሽኖቹ ተጓተቱብኝና… ፕሮግራሙ ይልከዋል ብዬ ተውኩት።»

«ስድስት ነጥብ ዘጠኝ ብዙ ነው?»

«ልብ ያቆማል፣ ኢክሉ። ሰውዬው የኩላሊት ታማሚ ናቸው፤ አንድ ሙዝ እንኳ ፖታሺየሙን ይጨምርባቸዋል።»

መዝገቡን ከፈተችው። አምስት ሰዓት ከሃያ፤ ወልደሥላሴ፤ ሦስት ሙከራ፤ ተትቷል። ቃሏን አየችው። ራሷ የጻፈችው ቃል ነው። ከላይም ከታችም ሌላ «ተትቷል» አለ፤ ቆጠረቻቸው፤ ሃምሳ ሦስት ናቸው።

ቅርንጫፉ ደወለች። ነርሷ አይናዲስ አነሳች።

«አቶ ወልደሥላሴ? አዎ፣ ጠዋት ነበሩ። ውጤት ስላልመጣ ‹ሲደርሰን እንደውላለን› ብለን ሸኘናቸው።»

«መብራት ከመጣ ሁለት ሰዓት አልፏል እኮ!»

«ስክሪኑ ባዶ ነው። ገና አላለቀም ብለን ነዋ።»

የሰውዬው ስልክ ጥሪ አይቀበልም። አይናዲስ አድራሻቸውን ነገረቻት፦ ሠራተኛ ሰፈር፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን። ሌሎቹን ሃምሳ ሁለት ውጤቶች ሚናስ ከማሽኑ እያየ አንድ በአንድ እንዲደውል ነግራው፣ ኢክላስ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች። መንገዱ በመኪና ተጨናንቋል። ሂጃቧን በአንድ እጇ ይዛ ሮጠች፤ «ያ አላህ፣ ያ አላህ» ትላለች።

አቶ ወልደሥላሴ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። በራቸው ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። እጃቸው ላይ ግማሽ የተበላ ሙዝ አለ።

«ይጣሉት፣ አባባ!» ሙዙን ቀማቻቸው።

«ምን አልሽ? አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?»

«ከላቦራቶሪው ነኝ። ሐኪም ቤት መሄድ አለብዎት፣ አሁኑኑ።»

«ልጄ ናት የገዛችልኝ። እግሬ ሰውነቴን አልሸከም ሲል ጊዜ ‹ሙዝ ኃይል ይሰጣል› ብላ። ሦስተኛዬ ነው» አሉ።

ለኩላሊታቸው ከሚከለከለው ምግብ ዋነኛው ነው። ጎረቤት ጠርታ፣ ደግፈው ከመንገዱ አደረሷቸው፤ መኪና ተገኘ። ሆስፒታል ሲደርሱ ልባቸው አንዴ እየፈጠነ፣ አንዴ እየቆመ ነበር። ሐኪሞቹ ፖታሺየሙን የሚያወርድ መርፌ ወጓቸው። ሁለት ሰዓት ቢዘገዩ ኖሮ አይተርፉም ነበር ያላት አንድ ወጣት ሐኪም ነው፤ እንዲሁ በመንገዱ፣ ካርድ እየጻፈ።

በማግስቱ ልትጠይቃቸው ሄደች። ትራስ ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። እንዴት ውጤታቸው በሰው እግር እንደመጣ ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። ወረፋውን፣ ዜሮውን፣ መብራቱን። በጥሞና ሰሟት፤ በሕይወቷ እንደሳቸው ቶሎ የገባው ሰው አላጋጠማትም።

«እንግዲህ ያ ባለ ሱፍ አላወቀም» አሉ። «እንዲህ እንደሚሆን የሚያውቅ ሰውስ አልነበረም?»

«ነበረ።»

«ታዲያ?»

«ዝም አለ። ዳይሬክተሩን ንቆ።»

«እኛንስ ለምን ናቀን?» አሉ፤ ቁጣ የለበትም፤ ማወቅ ፈልገው ነው።



ሐሙስ ዕለት ስብሰባ ተጠራ። ተስፋሁን የመብራት መቆራረጥ «ከቁጥጥራችን ውጭ» እንደሆነ ሲተነትን ሩብ ሰዓት ፈጀ። ኢክላስ እጇን አወጣች። እንዴት እንደሚሠራ፣ ለምን ወረፋ እንደሚያስፈልግ፣ ምን እንዳወጣች፣ የተተወውን ማስቀመጥ እየቻለች እንዳላስቀመጠች፣ ሁሉንም በአማርኛ፣ ቀስ ብላ ተናገረች። አምስት ዓረፍተ ነገር አልሆነም፤ ግን አሥር ደቂቃም አልሞላም።

ዶክተር ገብረሕይወት መነጽራቸውን አወለቁ። «ያን ቀን ጠይቄሽ ነበር እኮ።»

«ጠይቀውኛል። ዳይሬክተሩ አይገባቸውም ብዬ ነው።»

«የጠየቅሁሽ እኔ ነኝ፤ እሱ አይደለም።»

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈላት፤ ፈረመች። ወረፋውን ዓርብ መለሰችው፤ ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ያልሄደ ውጤት ለብቻው ተቀምጦ፣ ሰው እንዲያየው በክፍሏ በር ላይ ደወል የሚያሰማ ነገርም ጨመረችበት። ተስፋሁን ግን «ወረፋ» የሚለው ቃል እንዳይመለስ አጥብቆ ጠየቀ። «ብልህ የውጤት ቋት» እንዲባል አስወሰነ፤ አዲስ ገለጻም ሠራበት፤ የራሱን ፎቶ ከፊት ገጹ አደረገ። በዚያ ገለጻ በስምንት ወሩ አንድ ትልቅ ድርጅት ከእጥፍ በሚበልጥ ደመወዝ ወሰደው። ሲሰናበት የኢክላስን እጅ ጨብጦ «አብረን ታሪክ ሠራን» አላት።

ትንቀዋለች፤ ዛሬም ድረስ። ስሙ ሲነሳ ከንፈሯ ያው ይጣመማል። ስብሰባ ላይ ግን ዝም ማለት ትታለች። አዲስ የመጣው ኃላፊ የማይሆን ነገር ባመጣ ቁጥር እጇን ታወጣለች፣ ፊቷን አጨፍግጋ፣ እንደ ሕፃን እየደጋገመች ታስረዳዋለች፤ አልገባኝም ካለ ከሥር ትጀምርለታለች። ሰውዬው ሚናስን «ይህች ሴትዮ ትጠላኛለች እንዴ?» ብሎ ጠይቆታል።

«አይ» አለው ሚናስ። «ብትጠላዎት ኖሮ ‹እርስዎ ካሉ› ብላ ትተውዎት ነበር።»