መርዶ የተነገረበት ቀን

ለተሥላሴ ስም ድንጋይ ላይ ከመቀረጹ በፊት ከሁለት አንዱን ትጠይቃለች፤ ወይ ከሠራዊቱ የመጣ የመርዶ ደብዳቤ፣ ወይ ሰውየው ሲወድቅ በዓይኑ ያየ ምስክር። ደንቡን ያወጣችው ራሷ ናት። ጎንደር ታሪክ ተምራ ደብረ ታቦር መዝገብ ቤት ከገባች ዐሥር ዓመቷ ነው፤ ያልተረጋገጠ ነገር መጻፍና መዋሸት ለእሷ አንድ ናቸው። ሞቷል ተብሎ ይፋግ ላይ ተዝካሩ ከተበላ በኋላ በእግሩ የመጣ ሰው ታውቃለች። ሰውየው እስከ ዛሬ «በተዝካሬ ጠላው ቀጥኖ ነበር አሉ» እያለ ይቀልዳል። ሚስቱ ሌላ አግብታ ስለ ጠበቀችው ግን ቀልዱ ብዙም አያስቅም።

ሐውልቱ በባድመ ጦርነት ለወደቁ የአገሩ ልጆች ነው። ጦርነቱ ካበቃ ዐሥራ ስምንት ዓመት አልፎታል፤ በ2011 መስከረም ድንበሩ ተከፍቶ ዕርቅ ሲወርድማ የሙታኑን ነገር የሚያነሣ እንደ ነገረኛ ይታይ ጀመር። የአርባ አንዱ ሟች ቅጽ ተሟልቷል። አርባ ሁለተኛው ላይ «ዋልልኝ ፋንታው» ከሚለው ስም በቀር ምንም አልተጻፈም። ዋልልኝ ታላቅ ወንድሟ ነው።

የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ዘውዱ ዝርዝሩን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንቺ ልጅ፣ የገዛ ወንድምሽን ምስክር አምጣ ልትዪው ነው? ጻፊው እንጂ!»

«ማን ነገረኝ ብዬ ልጻፍ፣ ጋሼ ዘውዱ?»

«ዐሥራ ስምንት ዓመት ነዋ የነገረሽ!»

«ዓመት አይፈርምም።»

«እንግዲያው ምስክርሽን ፈልጊ። ቀራጩ ዳኛቸው ሐሙስ ይጨርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ድንጋዩ ላይ ቦታ የለም።»

ቤታቸው መርዶ ገብቶ አያውቅም። ጥር 15 ቀን 1993 አንድ ወታደር በእኩለ ቀን መጥቶ ለእናቷ ለዘነበች «ዋልልኝ ደህና ነው» ብሏት ሄዷል። ለተሥላሴ ያን ጊዜ ትምህርት ቤት ነበረች፤ የወታደሩንም ስም የያዘ ሰው የለም። ከዚያ ወዲህ እናቷ የልጇን ስም ለቄሱ የምትሰጠው መንገደኞች ሲታሰቡ አብሮ እንዲታሰብ ነው። ድንበሩ የተከፈተ ሰሞን ጋቢውን አጥባ ፀሐይ ላይ አስጥታው ነበር።

ሰኞ ዕለት ለተሥላሴ ለሌላ ሟች ምስክር ለማስፈረም እብናት ወረደች። ምስክሩ ፈንታሁን የሚባል፣ አንድ እግሩን የሚጎትት እህል ነጋዴ ነው። ፈረመላትና ዝርዝሩን እንድታሳየው ለመናት። ጣቱ አርባ ሁለተኛው ላይ ቆመ።

«ይሄኛው ለምን ባዶ ሆነ?»

«ምስክር የለውም።»

«ምንሽ ነው?»

«ወንድሜ ነው።»

ፈንታሁን ከተቀመጠበት የጤፍ ጆንያ ተነሣ፤ ደግሞ ተቀመጠ።

«ዛላንበሳ ላይ፣ በግንቦት፣ ከጎኔ ነው የወደቀ። አፈር ያለበስኩት በእነዚህ እጆቼ ነው» አላት። «ከጥምቀት በኋላ ለቤተሰቡ ልነግር መጣሁ። አስቀድሜ ጎረቤት ልሰበስብ ነበር ሐሳቤ። ቤቱን የጠየቅኋቸው ሴትዮ ራሳቸው እናትሽ ሆነው ቁጭ! እጄን ይዘው አስገቡኝ። ‹ልጄ እንዴት ነው?› አሉኝ። በጠራራ ፀሐይ፣ ብቻዬን፣ ደግፎ የሚይዛቸው ሰው ሳይኖር ምን ልበል? ደህና ነው አልኩ። በቤቱ ወንድ የለም፣ ዶሮና ቢላ ይዘው መጥተው ‹እረድልኝ› አሉኝ። እንዴት ብዬ ልረድ? ጾም ላይ ነኝ ብዬ ሽሮ በላሁና ወጣሁ።»

«ለምን አልተመለሱም ታዲያ?»

«በነጋታው ሰው ይዤ ልመጣ ነበር። በነጋታው ፈራሁ። ውሸት ሲያድር ይከብዳል፣ እቴ።»

የዋልልኝን ቅጽ አውጥታ አስፈረመችው። የቀረው አንድ ዓምድ ነው፤ «መርዶ ለቤተሰብ የተነገረበት ቀን» ይላል። ስሙ ከተቀረጸ ወዲያ ከገበያ የሚመለስ ሁሉ እያነበበ ለእናቷ ይነግራታል። ለተሥላሴ ካልቀደመች ድንጋዩ ይቀድማታል።

ወደ ደብረ ታቦር በሚወጣው መኪና ውስጥ ቅጹን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቆየች። ወንድሟን ሐውልቱ ላይ ለማስገባት ከእናቷ ቤት ልታስወጣው ነው። ወረቀት እንዲጠፋ የተመኘችው በሕይወቷ ያን ቀን ብቻ ነው። ግን አልቀደደችውም።

ረቡዕ ገና ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ፣ ቄሱና ጎረቤቶቹ ደጃፉ ላይ ተሰበሰቡ። ፈንታሁን ከኋላ ቆመ። ዘነበች በሩን ከፈተች። ሽማግሌዎቹን አየቻቸው፣ ልጇን አየቻት፤ ዓይኗ ሁሉንም አልፎ ፈንታሁን ላይ ቆመ።

«ዛሬ ብቻህን አልመጣህም» አለችው።

«ይማሩኝ፣ እናቴ።»

«ያን ቀን ማክሰኞ ነበርኮ፣ ልጄ። ጥምቀት ባለፈ ማክሰኞ ምን ጾም አለ? ዶሮዬን እምቢ ስትል ዐወቅሁ።»

«እማዬ!» አለች ለተሥላሴ። «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እናት ለራሷ መርዶ ትነግራለች እንዴ? ሰው ይዞ የመጣልኝ ማን አለ? እሱ ፈርቶ ቀረ፣ አንቺ ወረቀት ትጠብቂያለሽ። እኔ ብቻዬን ልጄን ልግደለው?»

ከዚያ ጮኸች። ሁለት ጎረቤቶች በብብቷ ገብተው ያዟት። የታጠበውን ጋቢ አውጡልኝ ብላ፣ ከፍ አድርጋ ይዛ፣ በስሙ እየጠራች አለቀሰች። ፈንታሁን ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተቀመጠ፤ ተነሥ ያለውም የለም።

ሐሙስ ጠዋት ለተሥላሴ ለቅሶ ቤቱን ትታ ቢሮ ገባች። ስሙን ለዳኛቸው ላከችለት። ባዶው ዓምድ ላይ «ረቡዕ፣ ኅዳር 5 ቀን 2011» ብላ ጻፈች። በአንድ ዓምድ ከአንድ ቀን በላይ አይጻፍም፤ ይህንንም ደንብ ያወጣችው እሷው ናት። ብዕሩን ሳትከድን ብዙ ቆየች። በመጨረሻ ከሥሩ፣ በትንንሽ ፊደል፣ «ማክሰኞ፣ ጥር 15 ቀን 1993» ብላ ጨመረችበት።

አንዱንም አልሰረዘችም።