የዘይባ ተራ

በመስቃን ምድር፣ ከቡታጅራ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ፣ በርበሬ ሲቀላ ማሳው ሙሽራ ይመስላል። የሚለቅሙት ሴቶች ግን ከሙሽርነት የራቁ ናቸው፤ ያስላቸዋል፣ ያስነጥሳቸዋል፣ ጣታቸው ይለበለባል። ያን ሁሉ የሚያስረሳቸው የዘይባ ድምፅ ነበር።

ዘይባ ባሏ ከሞተባት ወዲህ ልጆቿን ያሳደገችው በዚያው በርበሬ ነው። ሠራተኛ ቀጥራ አታውቅም፤ ሀብቷ ጉሮሮዋና ደቦው ነው። ደቦው ደግሞ በተራ ይሄዳል፤ ዛሬ ያንቺ፣ ነገ የእሷ። የአቀንቃኝ ማሳ ግን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። «የራሷን ቀድማ ከለቀመች ዘፈኑ ይቀዘቅዝብናል» ይላሉ ሴቶቹ። ዘይባም አንድ ቀን ሳታጉረመርም የሁሉንም ማሳ ዘፍና ለቅማ የራሷን ትጠብቃለች።

የደቦ ዘፈን ያለ ባለማሳው ስም አይወጣም። ባለማሳው ስሙ ተጠርቶ ይዘለፋል፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ መቆጣት ለሱ ነውር ነው። ጎረቤቷን ሸምሶን እንኳ እንዲህ ብላው ነበር፦

እጃችን ነደደ፣ በርበሬው ደም መስሎ፣
ሸምሶ ምን ይሠራል ከጓሮ ተጥሎ?

«ኧረ የዚችን ሴትዮ አፍ በቆጮ ዝጉልኝ!» እያለ ሲስቅ ዋለ ሸምሶ።

ዘመኑ የኢሕአዴግ ነው፤ ወሩ ኅዳር። የዘይባ ተራ የደረሰ ዕለት ማለዳ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር ኡበይድ አይሱዙ አስከትሎ ከማሳዋ ዳር ቆመ። ሰማዩ ያለ ወጉ ጠቁሯል። የቀላ በርበሬ ደግሞ ዝናብ ከነካው ይሻግታል፤ ዓመቱን ሙሉ የለፋችበት በአንድ ሌሊት አፈር ይሆናል።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ዘይባ! ደቦውን ለዛሬ አውሺን።»

«ወአለይኩሙ ሰላም። ለማን ማሳ?»

«ለማሳ አይደለም፤ ለበዓሉ ነው። ከተማ ትልቅ እንግዳ ይመጣል። የመኸር ባህላችን፣ ደቦአችን ይታይ ተብሏል።»

«ደቦ ለማሳየት ደቦ ታስቀራለህ?»

«ከላይ የመጣ ነው እኮ፣ ዘይባዬ። እኔ ምን ላድርግ?»

ዘይባ ጣቷን ወደ ደመናው ቀሰረች። «ያስ? እሱስ ከላይ የመጣ አይደለም?»

ኡበይድ ቀና ብሎ አየና ወደ መኪናው እጁን ዘረጋ። ሴቶቹም እየተንጠባጠቡ መኪናው ላይ ወጡ። ማዳበሪያ በማን እጅ እንደሚታደል ሁሉም ያውቃል፤ የኡበይድን ጥሪ እምቢ ያለች ሴት ከርሞ ስሟ ሲጠራ አትሰማም። ይባስ ብሎ ኡበይድ «ለመድረክ ማድመቂያ» በሚል፣ ከዘይባ ማሳ ጥግ የቀላውን በርበሬ ከነሥሩ እያስነቀለ አስጫነው። አንቺ በርበሬ፣ የደም ላብ ፍሬ፣ ለጭብጨባ ማጌጫ ነበር የተዘራሽ? ዘይባ ከመኪናው ጀርባ የተቀመጠችው ዓይኗን ከዚያ ከተነቀለው ላይ ሳታነሳ ነው።

ቡታጅራ ሲደርሱ፣ በዓሉ ሲያበቃ የሚመለስ አዲስ ቀሚስ አለበሷቸው። ባዶ ቅርጫት አስያዟቸው። ከመድረኩ ወለል ላይ የሌለ በርበሬ ልቀሙ ተባሉ።

«እማማ፣ ልክ ማሳ ላይ እንደምትዘፍኑት! ምንም እንዳትቀይሩ» አለ አደራጁ ወጣት።

«ባለማሳውስ ማነው?» ብላ ጠየቀች ዘይባ።

«ባለማሳ?» ወጣቱ ግራ ገባው። «እንግዲህ… የዛሬው ባለቤት ክቡር እንግዳው ናቸው በሉት።»

እንግዳው ከፊት ወንበር ላይ፣ ጥላ ተይዞላቸው ተቀምጠዋል። ዘይባ ድምፅዋን ለቀቀችው፦

የኔማ በርበሬ ማሳው ላይ ረገፈ፣
ባለ ጥላው ጌታ አጨብጭቦ አለፈ።

ሴቶቹ ተቀበሏት፤ አንገታቸውን ደፍተው፣ ሳቃቸውን በነጠላ አፍነው። ክቡር እንግዳው ከመቀመጫቸው ተነሥተው አጨበጨቡ። ሕዝቡም ተከትሏቸው አጨበጨበ። ለዘለፋው ይህን ያህል የተጨበጨበላት ዘይባ ከመድረክ ወርዳ ቀሚሱን አውልቃ ወረወረችላቸው።

ወደ ቤት ሲመለሱ ዝናቡ መንገድ ላይ ያዛቸው።

በማግስቱ ዘይባ ሴቶቹን ለመሰብሰብ ወጣች። ሃሊማ ከበሯ ላይ ሳትነሳ መለሰችላት።

«ተራሽማ ትናንት አለፈ፣ እህቴ። ደቦ አንዴ ከወጣ ወጣ ነው፤ ለቀመም አልለቀመም። እኛም ያሰጣነው በርበሬ ረጥቦብናል።»

እውነቷን ነው፤ ልማዱ እንደዚያ ነበር። ባለማሳ ቢታመም፣ ዝናብ ቢያቋርጥ፣ የወጣ ደቦ አይደገምም። ዘይባ ክው አለች። የሁሉንም ማሳ በድምፅዋ ለቅማ፣ የራሷ እንደ ዋዛ ሊቀር ነው! የደቦው ታላቅ አሮጊቷ ፈቲሀ ግን ከጓሮ ብቅ አሉ።

«ቆይ እስቲ፣ ሃሊማ። ትናንት ደቦው የወጣው በማን ስም ነው? ‹ዘይባ› ብሎ የዘፈነ አለ?»

«የለም።»

«ማን ተባለ?»

«ባለ ጥላው…» አለችና ሃሊማ አፏን ያዘች።

«ትናንት ያለፈው የሱ ተራ ነዋ! የዘይባ ገና ነው። ተነሺ፣ ቅርጫትሽን አንሺ።»

«ታዲያ ያ ሰውዬ ምሳችንን ሳያበላን ሄደ ማለት ነው?» አለች አንዷ፤ ሳቁ መንደሩን አዳረሰው።

ዘይባ አልሳቀችም። ማሳዋ ላይ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ግማሹ በርበሬ እጅ ሲነካው ይፈርጣል፤ ከሥሩ የተነቀለበት ጥግ እንደ ወለቀ ጥርስ አፉን ከፍቷል። የተረፈውን ለቀሙ። ዘፈን አላወጣችም፤ ማንም አውጪ አላላትም።

ቀትር ላይ ኡበይድ ፈገግ ብሎ መጣ። «ዘይባ፣ እንግዳው እኮ በጣም ወደዱት! ለከርሞም እናንተው ትመጣላችሁ ተብሏል።»

«ለከርሞ ማሳቸውን ይዘው ይምጡ» አለችና ቅርጫት እጁ ላይ አኖረችለት። «አሁን ግን ከመቆም ልቀም።»

ሴቶቹ ሁሉ ቀና ብለው አዩት። ኡበይድ አፍሮ ጎንበስ አለና መልቀም ጀመረ። ለአፍታ ለቀመ፤ ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ፤ በዚያው በርበሬ በነካው እጁ ሊጠርግ ወደ ዓይኑ አነሣው። ዘይባ አየችው። «ዓይንህን!» የምትለዋ ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰች።

ዋጠቻት።