ከበሩ ወዲህ ሕግ የለም

አለቃችን አንድ የዕብራይስጥ አባባል ነበረው፤ «ከበሩ ወዲህ ሼታህ ፕራቲ ነው!» የግል መሬት ነው፣ የመንገድ ሕግ እዚህ አይገባም ማለቱ ነው። ኤመቅ ሳራ በሚባለው የኢንዱስትሪ ሰፈር ባለው መጋዘን ግቢ ውስጥ ቀበቶ ሳናስር ብንነዳ፣ መብራት የሌለው ተሳቢ ብንጎትት፣ መልሱ ያው ነበር። እሱ መኪናውን የሚያቆምበት ቦታ ላይ የቆምን ጊዜ ግን ሕጉን ከየት እንደሚያመጣው እንጃ፣ ያዙኝ ልቀቁኝ ይላል።

ለመሆኑ ሕጉ እውነት በሩ ላይ ይቆማል? መንዳት ያስተማረኝን ሰው ጠየቅሁት፤ «ሰው የሚመላለስበት ቦታ ሁሉ መንገድ ነው» አለኝ። አንዱን ሹፌር ጠየቅሁት፤ «ፖሊስ የማያይህ ቦታ መንገድ አይደለም» ብሎ ሳቀብኝ። የሠራተኛ ማኅበሩ ጋ ደወልኩ፤ ሙዚቃ ሲያሰሙኝ ቆዩና ዘጉብኝ። ወይ ጉድ! ይህችን የምታህል ነገር የሚመልስ ሰው ይታጣ?

እኔ የማውቀው እንቅልፍ አጥር እንደማያግደው ነው።

አንድ ዓርብ ከሰሜን ጭነት ይዤ ገባሁ። የመንዳት ሰዓቴ አልቋል፤ ሰዓቱን የሚመዘግበው ታኮግራፍ ይጮኽብኛል። ዓይኔ አሸዋ የገባበት ይመስል ይቆረቁረኛል። ቤቴ ቅርብ ነው፣ ግን እዚያ ድረስ ለመንዳት እንኳ አቅም ስላጣሁ ጋቢናው ውስጥ ጋደም አልኩ። ጎኔ ከማረፉ አለቃው በሩን ደበደበ። የቅዳሜ ሰንበት ሳይገባ እንዲራገፉ፣ ግቢው ውስጥ የቆሙትን ተሳቢዎች ወደ ማራገፊያው አስገባልኝ አለ።

«ሰዓቴ አልቋል» አልኩት።

«ያለቀው የመንገድ ሰዓትህ ነው። ይኼ መንገድ ነው?»

«መሪው ላይ እንቅልፍ ቢጥለኝስ?»

«በእግር ፍጥነት ነው የምትነዳው፤ ምን ትሆናለህ!»

እኔማ ምን እሆናለሁ! እኔን ያስፈራኝ ከኋላ የሚቆመው ሰው ነው። ተሳቢ ወደ ኋላ ስናስገባ ማራገፊያው ግድግዳ አጠገብ ቆመው በእጃቸው የሚመሩን አንድ አባት ነበሩ። ከጎንደር ከመጡ ብዙም አልቆዩም፤ ዕብራይስጡ ገና አልገባቸውም። ሠራተኛ በሚያከራይ ድርጅት በኩል፣ ነገ ይምጡ ሲባሉ የሚመጡ፣ ይቅሩ ሲባሉ የሚቀሩ ናቸው። አንዴ ዓይኔ ቢከደን ከግድግዳው ጋር የማጣብቀው እሳቸውን ነው። አልነዳም ብዬ በሩን ዘጋሁበት።

አለቃው ግን ከእኛ ከሐበሾቹ ጋር ሲኖር ልማዳችንን አጥንቷል። ትንሽ ቆይቶ በአንዱ ሹፌር አስተርጉሞ ማንን ቢልክብኝ ጥሩ ነው? እሳቸውኑ! ሽማግሌ ላከብኝ፣ ይታያችሁ! ደሜ ፈላ። አለቃን እምቢ ይባላል፤ እኚህን አባት ግን በየት አፌ ነው እምቢ የምለው? ሕጉ ከበር ውጭ ቀርቶ ይሆናል፣ ይሉኝታዬ ግን አብሮኝ ገብቷል።

ከጋቢናው ወርጄ ቆምኩ።

«ልጄ፣ ሰውየው ልኮኝ ነው፤ ስለ እኔ ብለህ…» ብለው ጀመሩና ቀና ብለው አዩኝ። «ከተኛህ ስንት ጊዜህ ነው?»

«ኧረ ተዉኝ አባባ፣ እሱንስ አይጠይቁኝ።»

የተላኩበትን ሳይጨርሱ የጋቢናው መወጣጫ ላይ ቁጭ አሉ። አለቃው እየተጣደፈ መጣና «ምን አሉ?» አለኝ። እሳቸው ረጋ ብለው በአማርኛ ነገሩት፤ መተርጎሙ የእኔ ዕጣ ሆነ።

«ሽማግሌ አድርገህ ላክኸኝ። ሽማግሌ ደግሞ ሁለቱንም ወገን ይሰማል። አንተንም ሰማሁ፣ እሱንም አየሁት። ልጁ ይተኛ።»

ለራሴ የተፈረደልኝን ፍርድ በራሴ አፍ መተርጎም አሳፈረኝ፤ ቢሆንም አንዲት ቃል አልቀነስኩም። አለቃው እጁን አወናጭፎ ሄደ። እሳቸው እዚያው እንደተቀመጡ ጋቢናው ውስጥ ተመልሼ እንቅልፍ ወሰደኝ። ተሳቢዎቹ ከነጭነታቸው ሰንበትን ዋሉ።

እሑድ ሥራ ስገባ ግድግዳው አጠገብ ሌላ ሰው ቆሟል። ዓርብ ትንፍሽ ያላሉት ሹፌሮች ሁሉ አለቃውን ይረግማሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ቢሮው ገብቼ «እምቢ ያልኩት እኔ፣ የቀሩት እሳቸው?» አልኩት።

«እኔ አላባረርኳቸውም። የድርጅቱ ሠራተኛ ናቸው እንጂ የእኔ አይደሉም» አለኝ።

መሬቱ የእሱ፣ ተሳቢው የእሱ፣ ግድግዳው የእሱ፤ ሰውየው ብቻ የማንም አይደሉም! ድርጅቱ ጋ ብደውል ደግሞ «ደንበኛው ሌላ ሰው ጠየቀ» ብለው ዘጉት።

ከሥራ ስወጣ ሽኩና ጊሜል ወደሚባለው ሰፈር፣ ቤታቸው ሄድኩ። ምን ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቃቸው እያሰላሰልኩ ደረጃውን ወጣሁ። በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ። ገና ሰላም ሳልላቸው ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«እህ ልጄ፣ እንቅልፍህን ጠገብክ?» አሉኝ።