የወንድሜ አፍንጫ

ወንድሜን በስሙ የሚጠራው የለም። ሰፈሩ ሁሉ «አፍንጮ» ነው የሚለው። አፍንጫው ትልቅ ሆኖ እንዳይመስላችሁ፤ እኛ ቤት ትልቁ አፍንጫ የእኔ ነው፣ ምን እንዲሠራልኝ እንደተሰጠኝ እግዜር ይወቅ። እሱ መካኒክ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የመኪና በሽታ ሲያገኝ የኖረው በማሽተት ነው። ነዳጅ ከላምባ ጋር ተቀይጦ እንደሆነ ክዳኑን ከፍቶ ይነግራችኋል። አንዴ አንዱን ሹፌር «መኪናህ ደህና ናት፣ አንተ ግን ጠጥተሃል» ብሎ ቁልፉን ቀምቶ በእግሩ ወደ ቤቱ ሰዶታል። ከሁሉ በላይ ግን የሚታወቀው በሚፈላ ሞተር ነው።

ሞተር ሲፈላ ምክንያቱ ብዙ ነው። ራዲያተሩ ተደፍኖ ይሆናል፣ የውሃ ፓምፑ ደክሞ ይሆናል፣ ፓምፑን የሚያዞረው ቺንጋ ላልቶ ይሆናል። ይሄ ሁሉ ቀላል ነው። ክፉው በሞተሩና ከላይ በተከደነበት ቴስታታ መካከል ያለችው ስስ ማሸጊያ፣ ጋስኬት፣ የተቃጠለች እንደሆነ ነው፤ ያኔ የሞተሩ ጭስ ሾልኮ ውሃው ውስጥ ይገባል። ቶሎ ከተደረሰባት ጋስኬቷን መቀየር ነው። ከዘገየ ሞተሩ ራሱ ይሰነጠቃል። ወንድሜ ሞተሩ ሳይሞቅ የራዲያተሩን ክዳን ይከፍትና ያስነሳዋል፤ ጋራዡ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዝም ይላል፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ጎንበስ ብሎ አንድ ጊዜ ይስባል። «ጭስ አለው» ካለ አለው። «ንጹህ ነው» ካለ ንጹህ ነው። ዳኛ እንኳ እንዲህ የሚታመን አይመስለኝም።

እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ። ከጋራዡ ጋር ግድግዳ የምትጋራ የመለዋወጫ ሱቅ አለችኝ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከእሱና ከሁለት ሴት ልጆቹ ጋር አንድ ቤት ነው የምኖረው። ምላስሽ ስለት ነው ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። መናገር በነበረብኝ ቀን ግን ይሄ ምላስ የት ገብቶ እንደነበር ዛሬም አይገባኝም።

ባለፈው ክረምት ወንድሜን ክፉ ትኩሳት ያዘው። ሁለት ሳምንት ተኝቶ ተነሳ። ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ፣ ከሱቅ ስመለስ ቤቱ በጋዝ ሽታ ታፍኖ አገኘሁት። ሮጬ ኩሽና ብገባ የምድጃው ቁልፍ ክፍት ነው። እሱ አጠገቡ ቆሞ ሻይ ሊጥድ ክብሪት ይፈልጋል።

«ጋሼ! ልታነደን ነው እንዴ? አይሸትህም?»

«ጉንፋን ይዞኛል» አለኝ።

ጉንፋን! ይኸው አምስት ወር ሆነው፤ እንዲህ የሚቆይ ጉንፋን የት አገር ነው ያለው? ከዚያ ወዲህ ልብ ብዬ አየው ጀመር። የተበላሸ ወተት ጠጥቶ ምንም አላለም። ትንሿ ልጁ አዲስ የገዛችውን ሽቶ ስታስሸትተው «ግሩም ነው» አላት፤ የጠርሙሱ ክዳን አልተከፈተም ነበር። ልጅቷ የቀለደ መስሏት በሳቅ ፈረሰች። እኔ ወደ ጓዳ ገብቼ ብቻዬን አለቀስኩ።

አፍንጫው ሞቷል። እሱ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፤ ማወቄን ግን አያውቅም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እኔ ደግሞ ዝም አይነቅዝም የሚለውን መረጥኩ። ሁለት ልጆች የሚማሩት በዚያ አፍንጫ ነው፤ እና ሆድ ይፍጀው አልኩ።

ቀጮ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ቀጮ ሚኒባሱን ከአባቱ የወረሰ ሹፌር ነው። ወንበሮቿ በገመድ የታሰሩ፣ በሯ በትከሻ ካልተገፋ የማይዘጋ አሮጊት መኪና ናት። አምስት ነፍስ የሚያድረው በእሷ ነው።

«ዳገት ላይ ትፈላብኛለች» አለ። «ሜዳ ላይ ምንም አትል፤ ሰው ሞልቼ ዳገቱን ስጀምር ግን የሙቀቱ ቀስት ቀዩ ላይ ይደርሳል። አፍንጮ፣ ቁርጡን ንገረኝ። ጋስኬት ከሆነ ነገ ዛሬ ሳልል ላስፈታት። ይህቺ ከሞተች ሌላ የለኝም።»

ወንድሜ ክዳኑን ከፈተ፣ አስነሳት። ሁሉም ዝም አለ። ዓይኑን ጨፍኖ ጎንበስ አለ። ከወትሮው ቆየ። ውሃው ላይ ትንንሽ አረፋ ብቅ ብቅ ይላል።

«ንጹህ ነው» አለ። «አረፋው ውሃ ስትሞላ የገባ አየር ነው። የደከመው ፓምፑ ነው።»

ቀጮ «እፎይ፣ ተመስገን!» ብሎ ግንባሩን ጠረገ። ፓምፑን ከሱቄ ራሴ ይዤ ሄድኩ። ሳቀብለው ራዲያተሩ አጠገብ ጎንበስ አልኩና ሸተተኝ። ከመኪና ማርሚታ የሚወጣው ጭስ፣ ራሱ፣ ከውሃው ውስጥ። መደርደሪያዬ ላይ ጭስ ሲነካው ከሰማያዊ ወደ ቢጫ የሚለወጥ መመርመሪያ ፈሳሽ አለኝ፤ አዲሶቹ ጋራዦች ይገዙኛል፣ ወንድሜ ድሮ «አፍንጫ ለሌለው ሰው ነው» እያለ ይስቅበት ነበር። አንድ ጠርሙስ አምጥቼ «ለማንኛውም እንሞክረው» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ግን ቀጮ ቆሟል፣ ሌሎች ሹፌሮችም ቆመዋል። በሰው ፊት እንዴት ላዋርደው? ቤት ስንገባ እነግረዋለሁ አልኩ። ቤት ገባን፤ አልነገርኩትም። በማግስቱም አልነገርኩትም።

ፓምፑ ተቀየረ፤ ፈላች። ራዲያተሩ ታጠበ፤ ፈላች። የውሃውን ፍሰት የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት አውጥቶ ጣለው፤ ሦስት ቀን ደህና ሰንብታ በአራተኛው ፈላች። ቀጮ በመጣ ቁጥር ወንድሜ ይጎነበሳል፣ ከዚያ «ንጹህ ነው» ይላል። ተሳፋሪዎች ሌላ ጋራዥ አሳያት ሲሉት ቀጮ «አፍንጮ አይቷታል!» ብሎ አፋቸውን ያስዘጋቸው ነበር። እኔ ከሱቄ በር ላይ ውሃ በጀሪካን ጭኖ ሲወጣ አየዋለሁ። ጀሪካኑ ሁለት ሆነ፣ ሦስት ሆነ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ፣ መኪናዋ በገመድ ተጎትታ መጣች። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ነጭ ጭስ ተፍታ ቀጥ ብላለች። ወንድሜ ቴስታታውን ሲያነሳው ጋስኬቷ ተቃጥላለች፣ ከሥሯ ደግሞ የሞተሩ ዋና አካል፣ ብሎኩ፣ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ጥፍር ያስገባል። ማሽን ቤት ወሰዱት፤ ባለ ማሽኑ አንዴ አየውና «ይሄ እንግዲህ ለቁራሌው ነው» አለ። ለዚያ ሞተር ሌላ ብሎክ ፍለጋ ያልደወልኩለት ነጋዴ የለም። መልሳቸው አንድ ነው፤ የለም።

ቀጮ ይህን ሲሰማ ጋራዡ ደጃፍ ያለች አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «አንተማ ንጹህ ነው ብለኸኝ ነበር። እኔ ነኝ አስጨንቄ የነዳኋት። ሚስቴም ያለችኝ ይሄንኑ ነው።»

ወንድሜ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነበር። ጨርቁን አስቀመጠው።

«ቀጮ፣ ስማኝ። አፍንጫዬ አይሠራም። ከታመምኩ ወዲህ ምንም አይሸተኝም። ስጎነበስ የነበረው ለታይታ ነው። ከመጀመሪያውም ጋስኬቷ ነበረች። የገደልኳት እኔ ነኝ።»

እሰይ፣ ወጣ! አልኩ በሆዴ። ደስ አለኝ።

ቀጮ ቀና ብሎ አየውና ሳቀ። አንጀት የሚበላ ሳቅ ነው። «ተው እንጂ አፍንጮ! እኔን ለማጽናናት ብለህ የራስህን ስም ታጠፋለህ? ስንት መኪና ያዳነ አፍንጫ እኔ ላይ ሲደርስ ሞተ?»

«እውነቴን ነው። ልጆቼን!»

ቀጮ ወደ እኔ ዞረ። «እህት ዓለም፣ አንድ ቤት ነው የምትኖሩት። እስቲ አንቺ ንገሪኝ፤ እውነቱን ነው ወይስ ሲያጽናናኝ ነው?»

ወንድሜም አየኝ። ልጆቹ ታዩኝ፣ ሱቄ ታየችኝ፣ የዚህ ሰፈር ሹፌር በሙሉ ነገ ፊቱን አዙሮ ሲያልፈን ታየኝ። አፌ ቀድሞኝ ተናገረ።

«ሲያጽናናህ ነው» አልኩት።

አፈር በበላሁ! ቀጮ ተነስቶ ወንድሜን አቀፈው፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለው፣ ሄደ። ወንድሜ ጨርቁን አንስቶ እጁን እንደገና ጠረገ።

«ስናገር አልደነገጥሽም» አለኝ በመጨረሻ። «ታውቂ ነበር።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ሞተር አይነካም፤ ጎማና ዘይት ብቻ ነው የሚቀይረው። ለእኔም ከ«ደህና ዋልሽ» ሌላ ቃል የለውም። ቀጮ መኪናዋን በኪሎ ሸጦ መናኸሪያ ውስጥ የሰው ሻንጣ ይሸከማል፣ በሃምሳ ሁለት ዓመቱ። ሁለት ጊዜ እውነቱን ልነግረው ሄጄ፣ ጀርባው ጎብጦ ሳየው ተመልሻለሁ። የሚያገኘውን ሹፌር ሁሉ እየያዘ «እንደኔ ሞተር እንዳታቃጥሉ፤ ከፈላባችሁ አፍንጮ ጋ ውሰዱት፣ እሱ አይሳሳትም» ይላቸዋል አሉ። ትናንት እንኳ ሁለት መኪና ልኮልናል።